የካሴት ቪዲዮ ወደ ፋይል ሲቀየር ኢንተርሌሱን ምን እናድርገው? የአማራጮች ንጽጽር

በ1998 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ የተደገሰ የአንድ ሰርግ ሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ሲከፈት፣ ሙሽሮቹ በዳሱ ውስጥ ተቀምጠው እስካሉ ድረስ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ከበሮው ተመትቶ እስክስታው ሲጀመር ግን የጨፋሪዋ ትከሻ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ክንዷ በፍጥነት ሲወረወር ደግሞ አንዱ ክንድ ሁለት ሆኖ በአግድም መስመሮች ይቆራረጣል። ይህንን ያየ የካሴቱ ባለቤት ብዙውን ጊዜ «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ የቀየረለት ባለሙያም «የድሮ ካሜራ እንዲህ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ካሴቱ ላይ ያለው ምስል ደኅና ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ከካሴት ወደ ፋይል ሲሸጋገር ከተወሰነ፣ ወይም መወሰን ሲገባው ሳይታሰብ ከታለፈ፣ አንድ ምርጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ምርጫ የሚመለከት ሲሆን፣ በጎጃም ከተሞች በፎቶና ቪዲዮ ቤት ለሚሠሩም ሆነ የቤተሰባቸውን ካሴት ራሳቸው ለመቀየር ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው።

ጥርሱ ከየት መጣ?

አገራችን ስትገለገልበት በቆየችው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት አንድ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ ዓይን የሚያያቸው 576ቱ ናቸው። ካሜራው ግን 576ቱን በአንድ ጊዜ አይቀርጻቸውም። አንዱን ትልም እየዘለለ ማሳውን ከላይ እስከ ታች ካረሰ በኋላ ተመልሶ የዘለላቸውን ትልሞች እንደሚያርስ ገበሬ፣ በመጀመሪያ አንድ እየዘለለ 288 መስመሮችን ይቀርጻል፤ ከሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ የቀሩትን 288 መስመሮች ይቀርጻል። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ፊልድ ይባላል፤ ሁለት ፊልዶች ተጠላልፈው አንድ ፍሬም ይሆናሉ፤ ኢንተርሌስ የሚባለውም ይኸው መጠላለፍ ነው። ስለዚህ ፋይሉ በሴኮንድ 25 ፍሬም እንዳለው ቢነግረንም፣ በእውነቱ የተቀረጹት 50 የተለያዩ ቅጽበቶች ናቸው።

ከኋላው ወፍራም የነበረው የድሮ ቴሌቪዥን ፊልዶቹን ልክ እንደተቀረጹት ተራ በተራ ስለሚስላቸው ተመልካቹ ምንም ችግር አያይም ነበር። የዛሬው የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን ግን ሙሉውን ፍሬም በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ፣ በጊዜ የማይገናኙ ሁለት ቅጽበቶችን አንድ ላይ ያቀርባል። የቆመ ነገር በሁለቱም ፊልዶች አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ልዩነት አይታይበትም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን በሴኮንድ ሃምሳኛ የተጓዘው ርቀት የሚዶ ጥርስ ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ በታች የማቀርበው ንጽጽር ሁሉ የሚነሣው ከአንድ አቋም ነው፦ ካሴቱ 50 ቅጽበት ከሰጠን፣ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ በስተቀር 25ቱን መጣል የለብንም። በየቦታው የሚሠራው የተለመደ ቅየራ ግን ሳይነግረን ግማሹን ይጥላል፤ የሰርጉ ጭፈራም የሚቆራረጥና የደከመ የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው።

ከምርጫው በፊት የያዙትን ይወቁ

ኢንተርሌስ ነው የተባለ ፋይል ሁሉ ኢንተርሌስ አይደለም። አንዳንድ ካሜራዎች ሙሉ ሙሉ ምስሎችን በሴኮንድ 25 ጊዜ ቀርጸው፣ ፋይሉን ግን በኢንተርሌስ መልክ ያሽጉታል። እንዲህ ያለውን ፋይል ዲኢንተርሌስ ማድረግ፣ ማለትም የተጠላለፉ ፊልዶችን ወደ ሙሉ ፍሬሞች መቀየር፣ ያልታመመውን ሰው መድኃኒት እንደ ማጠጣት ነው፤ ጥራቱን ያለ ጥቅም ይቀንሰዋል። ለመለየት ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ጨፋሪ ዘሎ የሚወርድበትን፣ በፍሬም በፍሬም እየገፉ ይመልከቱ። በየትኛውም ፍሬም ላይ የሚዶ ጥርስ ከሌለ፣ ፋይሉን ሙሉ ምስል ነው ብሎ ማስመዝገብ ብቻ ይበቃል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ መሣሪያም አይዴት በተሰኘ ማጣሪያው ፍሬሞቹን ቆጥሮ ስንቱ ኢንተርሌስ፣ ስንቱ ሙሉ እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኛው ፊልድ ቀድሞ እንደተቀረጸ ነው። በዲቪ ካሴት ላይ የሚቀድመው የታችኛው ፊልድ፣ ከላይ ሲቆጠር ከሁለተኛው መስመር የሚጀምረው፣ ነው፤ በኤችዲቪና በኤቪሲኤችዲ ካሜራዎች ላይ ግን የሚቀድመው የላይኛው ነው። የቪኤችኤስ ወይም የሃይ 8 ካሴት በቀረጻ ካርድ (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ዕቃ) ከገባ እንደ ካርዱ ይለያያልና መፈተን ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውጤቱ ከሚዶ ጥርሱ የባሰ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርድ አውቶቡስ መስኮት የተቀረጸ አንድ ቪዲዮ በተገለበጠ ቅደም ተከተል ሲቀየር አይቻለሁ፤ የመንገዱ ዳር ድንጋዮች ወደ ኋላ መሸሽ ሲገባቸው ሁለት እርምጃ ሄደው አንድ እየተመለሱ፣ ምስሉ በሙሉ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ ነበር። መፈተኛውም ይኸው ነው፦ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ወደ 50 ፍሬም ቀይሮ በፍሬም በፍሬም መግፋት፤ ተንቀሳቃሹ ነገር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተመላለሰ የፊልዱን ቅደም ተከተል መለወጥ።

ሦስተኛው፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ይዞት የመጣ ካሜራ ነው። በዚያ ሥርዓት የሚታዩት መስመሮች 480፣ ፍሬሞቹ በሴኮንድ 29.97፣ ፊልዶቹ ደግሞ 59.94 ናቸው። ይህን ከራሳችን ካሴት ጋር ለማመሳሰል ብሎ ወደ 25 ወይም ወደ 50 መጎተት እንቅስቃሴውን ያደናቅፈዋል፤ ለብቻው የሚቀመጥ ከሆነ በ59.94 መተው ይሻላል።

አማራጮቹ

የመጀመሪያው አማራጭ ምንም ሳይነኩ ኢንተርሌሱን እንዳለ ማቆየት ነው። ይህ የስንፍና መንገድ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ለዋናው ቅጂ ግን ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ ነው። ሚኒ ዲቪ ካሴት በፋየርዋየር ገመድ ሲገለበጥ ካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል መረጃ እንዳለ ይተላለፋል እንጂ ዳግም አይጨመቅም፤ አንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ይህ ፋይል ሳይነካ ሃርድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ፣ ነገ የተሻለ ዘዴ ሲመጣ እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። በዲቪዲ ለሚፈልግ ደንበኛም ኢንተርሌሱን ማቆየት ይገባል፤ ዲቪዲ የተሠራው ለዚሁ ነውና ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጨመቂያውን፣ ማለትም የቪዲዮው ፋይል የሚታመቅበትን ዘዴ፣ በመምረጥ ላይ ነው። ኤምፔግ 2 እና ኤች.264 ኢንተርሌስን በደንብ ይይዛሉ፤ ለኤች.265 ኢንተርሌስ ምቹ አይደለም፤ ኤቪ1 ደግሞ ለኢንተርሌስ የተዘጋጀ የመጨመቂያ ዘዴ ጭራሽ የለውም። ኢንተርሌስ ያለበትን ቪዲዮ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ወደነዚህ መቀየር ለኋላ ጣጣ ያተርፋል።

ሁለቱን ፊልዶች ማደባለቅ፣ በሶፍትዌሮች ላይ ብሌንድ የሚባለው፣ አልመክረውም። ጥርሱ ይጠፋል፤ በምትኩ ግን ሁለት ቅጽበቶች እንደ ጥላ ተደራርበው ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው የለም። አንዱን ፊልድ ጥሎ ሌላውን ወደ ሙሉ መጠን መለጠጥም ከዚህ የተሻለው በጥቂቱ ነው፤ ከ576 መስመር 288 ብቻ ስለሚተርፍ የሰው ፊት ይደበዝዛል፣ ሰያፍ መስመሮች ደረጃ ይሠራሉ። ችግሩ ይህ ዘዴ ሳንመርጠው የሚመጣ መሆኑ ነው። በአዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ ውስጥ የፊልድ አማራጮችን ከፍተን ዲኢንተርሌስ ስናዝዝ የሚሠራው ይኸው ነው፤ አንዱን ፊልድ ይጥልና የጎደሉትን መስመሮች ከቀረው ፊልድ ይገምታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ያዲፍ በተባለው ማጣሪያ ወደ 25 ሙሉ ፍሬም መቀየር ነው። ያዲፍ የጎደሉትን መስመሮች የሚሞላው ከዚያው ፊልድ ጎረቤት መስመሮች ብቻ ሳይሆን ከበፊቱና ከቀጣዩ ፊልድም እየተመለከተ ስለሆነ፣ የቆመው የምስሉ ክፍል 576 መስመሩን እንደያዘ ይቀራል። ፈጣን ነው፤ ደካማ ኮምፒውተርም ይሠራበታል፤ ሃንድብሬክና ኤፍኤፍኤምፔግን ጨምሮ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ይገኛል። ለንግግር፣ ለስብከት፣ ሰው ቆሞ ለሚያወራበት ቀረጻ ይበቃል። ለሰርግ ጭፈራ ግን ከ50ው ቅጽበት 25ቱን ጥሎ መሄዱ ይታወቃል።

ያው ማጣሪያ እያንዳንዱን ፊልድ ወደ አንድ ሙሉ ፍሬም ሲቀይር ውጤቱ በሴኮንድ 50 ፍሬም ይሆናል። በሶፍትዌሮች ላይ ቦብ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። እኔ በየቀኑ ለሚመጣ ሥራ የምመርጠው ይህንን ሲሆን፣ ማጣሪያውም ከያዲፍ ይልቅ ብዊዲፍ ቢሆን ይሻላል፤ በያዲፍ ላይ ተመሥርቶ የተሻሻለ ነውና ሰያፍ ጠርዞችን ይበልጥ ያለሰልሳል፣ የሚጠይቀው ጊዜም ብዙ አይለይም። ልዩነቱን ለማመን አንድ የእስክስታ ቁራጭ በ25 እና በ50 ቀይሮ ጎን ለጎን ማጫወት ይበቃል። በ25ቱ ላይ ትከሻው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚዘል ይመስላል፤ በ50ው ላይ የትከሻው ንዝረት ከከበሮው ጋር አብሮ ይሄዳል። የካሴቱ ባለቤቶችም ምክንያቱን ሳያውቁት «አሁን እንደዚያን ቀን ሆነ» የሚሉት በሁለተኛው ላይ ነው።

በ50 ፍሬም መቀየር ሌላም ጥቅም አለው። ሙሽራዋ ስትገባ ወይም ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ በዝግታ ማሳየት ከተፈለገ፣ ይህንን ፋይል በ25 ፍሬም ታይምላይን ላይ በግማሽ ፍጥነት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሶፍትዌሩ የፈጠረው አንድም የሐሰት ፍሬም ሳይኖር፣ ሁሉም በዚያን ቀን በእውነት የተቀረጸ ቅጽበት ሆኖ እንቅስቃሴው ይዘገያል።

ኪውቲጂኤምሲ፦ መቼ ዋጋው ይገባዋል?

የመጨረሻው አማራጭ በስክሪፕት በሚታዘዙት የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ሶፍትዌሮች፣ በአቪሲንዝ ወይም በቫፑርሲንዝ፣ ላይ የሚሠራው ኪውቲጂኤምሲ ነው። ይህ ዘዴ እያንዳንዱ የምስሉ ክፍል ከፊልድ ወደ ፊልድ ወዴት እንደሄደ ተከታትሎ፣ የጎደለውን መስመር ከእንቅስቃሴው ጋር ከተጓዙት ጎረቤት ፊልዶች ያመጣል። ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው በቀጭን አግድም መስመሮች ላይ ነው። የነጠላ ጥለት ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ይሆናል። ከርቀት የተቀረጸ ጥለት ውስጥ አንዱ የክር መስመር በአንዱ ፊልድ ላይ ብቻ ያርፍና በሌላው ላይ አይኖርም፤ ስለዚህ የጎደለውን ከዚያው ፊልድ ብቻ በሚሞላ ቀላል ቦብ ሲቀየር ያ መስመር በሴኮንድ 25 ጊዜ ብቅ ጥልቅ እያለ፣ እናቶች ተቀምጠው የሚያጨበጭቡበት ምስል ሁሉ በየጥለታቸው ላይ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ያዲፍና ብዊዲፍ ይህንን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። ኪውቲጂኤምሲ ያረጋጋዋል፤ ጥለቱ ጥለት ሆኖ ይቀመጣል። የደብር ጽናጽልና የመቋሚያ እንቅስቃሴም በዚህ ዘዴ ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ዋጋው ጊዜ ነው። ብዊዲፍ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚጨርሰውን ሥራ፣ ይህ በተለመደ ኮምፒውተር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስደው ይችላል። ፍጥነቱን የሚወስኑ ደረጃዎች አሉት፤ መነሻው «ስሎወር» ቢሆንም፣ «ፋስት» ወይም «ሚዲየም» የሚባለውን መርጦ መሥራት ለሰርግ ካሴት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የአንድ ሰዓቱን ካሴት አሥር አሥር ደቂቃ አድርጎ ከፋፍሎ ማስኬድ ግድ ይላል፤ ካልሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የጠፋ መብራት የስምንት ሰዓት ሥራ ይዞ ይሄዳል።

በሁሉም ነገር ላይም አይበልጥም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በተቀረጸበት ካሴት ላይ ሁለቱን አወዳድሬ ነበር። የሚረጨው ውኃ እያንዳንዱ ጠብታው ወዴት እንደሄደ የሚከተሉት ነገር ስላልሆነ፣ ኪውቲጂኤምሲ ጭጋጉን አለሳልሶ እንደ ጥጥ አደረገው፤ ብዊዲፍ ግን ሻካራነቱን ጠብቆ ወደ እውነተኛው አቀረበው። የምስል ጫጫታ (ብልጭ ብልጭ የሚል ነጠብጣብ) የበዛበት የቪኤችኤስ ካሴት ላይ ይኸው ማለስለስ በጎ ነው፤ ንጹሕ በሆነ ዲቪ ላይ ግን አንዳንዴ ከሚፈለገው ያልፋል። ስለዚህ ከካሴቱ ውስጥ ከባዱን አንድ ደቂቃ መርጦ በሁለቱም ቀይሮ ማየት፣ ሙሉውን ካሴት በግምት ከመቀየር የተሻለ ነው።

የማይታረመው ስህተት

በሥራው መጀመሪያ ዓመታት አንድ ቤተሰብ ያመጣልኝን ካሴት በስልክ እንዲያዩት ብዬ፣ ዲኢንተርሌስ ሳላደርግ መጠኑን ከ576 ወደ 360 መስመር አሳንሼ ሰጠኋቸው። መጠን ሲቀነስ የሁለቱ ፊልዶች መስመሮች እርስ በርሳቸው ይዋሐዳሉ፤ ጥርሱ ጠፍቶ በምትኩ በየእንቅስቃሴው ላይ የማይለይ ድርብርብ ጥላ ይቀራል። ያንን ፋይል ከዚያ በኋላ ማንኛውም ማጣሪያ ሊያስተካክለው አይችልም፣ የቱ መስመር ከየትኛው ቅጽበት እንደመጣ መረጃው ጠፍቷልና። ዋናውን ቅጂ አላስቀረሁም ነበር፤ ካሴቱም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ሻጋታ ይዞት መጣ። በዚያ ቪዲዮ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ሲመርቁ ይታያሉ፤ እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ያ ጥላ አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ፣ ከዚያ ጫጫታ ማጽዳት፣ ከዚያ ዳር ዳሩን መቁረጥ፣ ከዚያ መጠን መለወጥ፣ ከዚያ ቀለም። መንቀጥቀጥን ማረጋጋትም ሆነ ምስልን ማዞር ከዲኢንተርሌስ በፊት አይደረግም። ኢንተርሌሱ እንዳለ ከላይ በኩል አንድ ወይም ሦስት መስመር መቁረጥ ደግሞ የፊልዱን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል።

ለየትኛው መድረሻ የቱ?

ለዩቲዩብ የሚሆን ከሆነ ዲኢንተርሌስ ተደርጎ፣ በ50 ፍሬም፣ መጠኑም ወደ 720 ወይም 1080 መስመር አድጎ ሊሰቀል ይገባል። ማሳደጉ ጥራት ስለሚጨምር አይደለም፤ ዩቲዩብ 50 ፍሬሙን የሚያሳየው ከ720 ጀምሮ ስለሆነ ነው። በ576 የተሰቀለ ቪዲዮ የደከምንበትን ግማሽ እዚያ ያጣል። የካሴቱ ምስል ነጥቦች (ፒክስሎች) ጎኖቻቸው እኩል የሆነ አራት ማዕዘን አለመሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ የአሮጌው ስክሪን ቅርጽ ያለው የፓል ቪዲዮ ወደ 960 በ720 ወይም ወደ 1440 በ1080 ሲቀየር ነው ፊቶች ሳይለጠጡ የሚቀሩት። ሰፊው ቅርጽ ከሆነ 1280 በ720 ይሆናል።

በቴሌግራም ለሚላክና በስልክ ለሚታይ፣ ብዊዲፍ በ50 ፍሬም፣ ኤች.264፣ 720 መስመር ይበቃል። ስልኩ በጣም ያረጀ ከሆነና 50 ፍሬሙን የሚያንገራግጭ ከሆነ ብቻ ወደ 25 መውረድ ተገቢ ነው። ለፍላሽና ለቴሌቪዥንም ተመሳሳይ ነው፤ ፍላሹ በፋት 32 ከተዘጋጀ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልምና፣ ረጅሙን ሰርግ በክፍል በክፍል ማድረግ ያስፈልጋል።

ከአዲስ ቀረጻ ጋር ተቀናብሮ ለሚሠራ ቪዲዮ፣ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ራሱ ዲኢንተርሌስ እንዲያደርግ ከመተው ይልቅ ቀድሞ በብዊዲፍ ወይም በኪውቲጂኤምሲ ወደ 50 ቀይሮ፣ ለኤዲቲንግ በተዘጋጁት መጨመቂያዎች፣ በፕሮሬስ ወይም በዲኤንኤክስኤችአር፣ አስቀምጦ ማስገባት ይመረጣል። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ በክሊፕ አትሪቢዩትስ ስር ዲኢንተርሌስ የሚበራበት ቦታ አለ፤ ለቸኮለ ሥራ ይጠቅማል። ቀድሞ የተቀየረ ፋይል ካስገቡ ግን እዚያ ጠፍቶ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሁለት ጊዜ የተደረገ ዲኢንተርሌስ ምስሉን ያደበዝዘዋልና።

የትእዛዝ መስመር ለማይመቸው ሰው ሃንድብሬክ በቂ ነው። በማጣሪያዎች ገጽ ላይ ዲኢንተርሌስ በሚለው ስር ብዊዲፍን፣ ከዚያ ቦብን ይምረጡ፤ በቪዲዮ ገጽ ላይ ደግሞ የፍሬም ፍጥነቱን በእጅ 50 ያድርጉ። ይህ ሁለተኛው ከተረሳ ሶፍትዌሩ የተሠሩትን 50 ፍሬሞች መልሶ ወደ 25 ሊያወርዳቸው ስለሚችል፣ ሥራው እንዳለቀ ፋይሉን ከፍቶ የፍሬም ቁጥሩን ማየት ካሴቱን ለባለቤቱ ከመመለስ በፊት መደረግ አለበት። ዲኮምብ የሚባለው ሌላው ምርጫ ጥርስ ያየበትን ፍሬም ብቻ ስለሚነካ ኢንተርሌስና ሙሉ ምስል ለተቀላቀለበት ፋይል ይመቻል። ኪውቲጂኤምሲን ያለ ስክሪፕት ለመጠቀም ሀይብሪድ ወይም ስታክስሪፕ የተባሉትን ነጻ ሶፍትዌሮች መጫን ይቻላል፤ ሁለቱም የፊልዱን ቅደም ተከተል በእጅ ለመወሰን ቦታ አላቸው፤ ለዲቪ ካሴትም እዚያ ላይ የታችኛው ፊልድ መመረጡን አይቶ ነው ሥራውን ማስጀመር።